የሒሳብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ዋንጫው የማን ነው?

የሒሳብ ክበብ ዘንድሮ ጫጫታ የበዛበት ክበብ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በላቦራቶሪው በኩል ያለፈ ሁሉ ይመሰክራል። ጎረቤቶቻችን የቀይ መስቀል ክበብ አባላት በሩን እያንኳኩ “ኧረ ቀስ በሉ!” ይሉን ነበር። እኛም ቀስ እንላለን፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል።

ጥፋቱ የኳስ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ለዓመቱ ሥራ ርዕስ ስንመርጥ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች ቀርበው ነበር። የሎተሪ ዕድል፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የውሃ ፈረቃ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አወጣችና “እነዚህ ልጆች በየዓመቱ ‘ዘንድሮ የኛ ነው’ ይላሉ። ዋንጫው ግን አንድ ነው። ለምን አንለካቸውም?” አለች። ልጆቹ ተንጫጩ። ድምፅ ተሰጠ፤ የእሷ ርዕስ አለፈ።

የካ አባዶን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች ቅዳሜና እሁድ በር ላይ ሰሌዳ ያቆማሉ፤ የጨዋታው ሰዓት በጠመኔ ይጻፍበታል። ከጎናቸው ውርርድ ቤት አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰልፍ ላይ ከዩኒፎርም ሥር የማሊያ አንገትጌ ብቅ ይላል። (ዩኒት መሪዎቻችን ይህን መስመር እንዳላነበቡ ይቁጠሩልን።)

ወላጆች እንዳይደነግጡ ግን ከወዲሁ ልናገር። ክበቡ ከመጀመሪያው ቀን ያወጣው ሕግ አለ፤ ገንዘብ አይያዝም፣ ቲኬት አይቆረጥም።

ሥራውን የጀመርነው በእረፍት ሰዓት፣ ሜዳ ላይ፣ ጓደኛ ፊት በመጠየቅ ነው። ጥያቄው አንድ ነው። “ቡድንህ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የማንሳት ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው?” ያኔ ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ተቋርጦ ነበር። ሁሉም ሰባት ሰባት ጨዋታ ተጫውተዋል። ሊቨርፑል 18 ነጥብ፣ ማንችስተር ሲቲና አርሰናል 17፣ ቼልሲ 14። ማንችስተር ዩናይትድ 8 ነጥብ ይዞ 14ኛ ላይ ነው።

ሠንጠረዡ ይህን ይላል። ሜዳው ሌላ ይላል። አንድ የአርሰናል ቲፎዞ “መቶ!” አለ። መቶ ማለት የሚቀረው ጨዋታ ሁሉ አያስፈልግም ማለት እንደሆነ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና “እሺ፣ 95” አለ። የሲቲዎቹ መልስ አጭር ነበር። አራት ዓመት በተከታታይ የወሰደ ቡድን ምን ይጠየቃል? አማካያቸው ሮድሪ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ መውጣቱን ስናነሳባቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። የቼልሲዎቹም ከሃምሳ በታች መጥራት አሳፈራቸው።

የየቡድኑን ደጋፊዎች አማካይ ወስደን ደመርን። አንድ ዋንጫ ስለሆነ ድምሩ ከ100 ማለፍ አይችልም። የኛ ከ200 አለፈ። በዚህ ስሌት ቢያንስ ሁለት ዋንጫ ማሠራት ነበረብን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እዚህ ላይ ሥራውን ጨርሰን “ቲፎዞ ራሱን ያታልላል” ብለን መጻፍ እንችል ነበር። አንድ የ12ኛ ክፍል አባል ግን “እውነት እንደዚያ ያምናሉ ወይስ ጉራ ነው?” ብሎ ጠየቀ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ለእኔ ይቺ ናት።

ለመለየት ሁለት መንገድ ሞከርን። አንደኛው የታጠፈ ወረቀት ነው። ስም አይጻፍም፣ ቡድን ብቻ። ቁጥሮቹ ወዲያው ወረዱ። ሁለተኛው ባቄላ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ 20 ፍሬ ይቀበላል፤ አንዱ ፍሬ 5 በመቶ ነው። ከዚያ ፍሬዎቹን ዋንጫ ሊወስዱ ይችላሉ ለሚላቸው ቡድኖች ሁሉ ያከፋፍላል። መጀመሪያ የተቆላ ሽምብራ ነበር ያመጣነው፤ ገና ሳይከፋፈል ዕድሉ ሁሉ ተበላ። በሳምንቱ ጥሬ ባቄላ ተገዛ።

የባቄላው ጥቅም ምን መሰላችሁ? ለራስህ ቡድን ስትጨምር ከሌላው መቀነስ አለብህ። “ዘንድሮ የኛ ነው” ማለት በነፃ ነው። ባቄላ ግን ያልቃል።

ያ 95 ያለው ልጅ ዴስኩ ላይ ሲያከፋፍል አጠገቡ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ 16 ፍሬ አርሰናል ላይ ከመረ። ለሲቲ ሁለት፣ ለሊቨርፑል አንድ፣ ለቼልሲ አንድ። ጨረሰና እጁን አጣጠፈ። ከዚያ የሲቲን ሁለት ፍሬ አያት። “ሲቲማ ሁለት አይሆንም” አለ ለራሱ። ከአርሰናል ላይ ሦስት አንስቶ ጨመረለት። ቀጥሎ ሊቨርፑልን አየ። እየመራ ያለ ቡድን በአንድ ፍሬ? ሁለት ጨመረ። ቆየና እንደገና ሦስት። መጨረሻ ላይ አርሰናል ላይ የቀረው 8 ፍሬ ነው፤ 40 በመቶ። ማንም አልተከራከረውም፤ የተከራከረው ከራሱ ጋር ነው።

ከዚህ በኋላ የእኔ እምነት ይህ ሆነ። ቲፎዞ ሜዳ ላይ የሚጠራው ቁጥር ግምት አይደለም፤ ታማኝነት ነው። ቡድኑን “40 ብቻ” ብሎ መጥራት ጓደኛ ፊት ክህደት ይመስላል። ብቻውን ሲቀመጥ ከምናስበው በላይ ያውቃል።

ግን ሁሉም ጉራ ነው ብዬ እንዳልደመድም ጥር መጣ። ጥር 25 ቀን አርሰናል ሲቲን 5 ለ 1 ደፋው። የአርሰናሉ ሉዊስ ስኬሊ ጎል አግብቶ የሲቲውን አጥቂ የሃላንድን አቀማመጥ አስመስሎ ሲያሾፍ ያላየ የለም፤ በማግስቱ በግቢያችን እግሩን አጣጥፎ ያልተቀመጠ የአርሰናል ደጋፊም የለም። ረቡዕ ባቄላው እንደገና ተከፋፈለ። ያ ልጅ አሁን 12 ፍሬ አስቀመጠ። ሌሎቹም የአርሰናል ልጆች እንደዚሁ ጨመሩ።

ሠንጠረዡን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ሊቨርፑልም በዋዜማው በርንማውዝን ስላሸነፈ ልዩነቱ ከዚያ ሳምንት በፊት የነበረው ራሱ ነው፤ 6 ነጥብ። ሊቨርፑል ተስተካካይ (ገና ያልተጫወተው) ጨዋታም በእጁ አለ። የተሸነፈው ሲቲ እንጂ መሪው አይደለም። ይህን ሁሉ እያዩ ከ12ቱ ፍሬ አንድ ያነሳ የለም። ሜዳ ላይ እንደሚሰማው ፉከራ ለጓደኛ ተብሎ የተደረገም አይደለም፤ ባቄላው ፊት ለፊታቸው ነው። ዓይን ያየው 5 ለ 1 ዝም ያለውን 6 ነጥብ ዋጠው። ይሄኛው እውነተኛ የግምት ስህተት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ከፉከራው ይልቅ ይሄ ነው።

መካከል ላይ ታሪክም ቆጥረናል። ፕሪሚየር ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመረ። ዘንድሮ ከመጀመሩ በፊት 32 ዋንጫ ተሰጥቷል። ዩናይትድ 13፣ ሲቲ 8፣ ቼልሲ 5፣ አርሰናል 3፣ ብላክበርን፣ ሌስተርና ሊቨርፑል አንድ አንድ። ከሰባት ቡድን ውጪ ዋንጫውን የነካ የለም። የአርሰናል የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሳይሸነፍ 26 አሸንፎ 12 አቻ የወጣበት ነው። የአሁኖቹ ተማሪዎቼ ያኔ አልተወለዱም። በ2023 ለ248 ቀን መሪ ሆኖ ቆይቶ ዋንጫውን ሲቲ ወሰደ፤ በ2024 ደግሞ በ2 ነጥብ ብቻ ተበለጠ። የዩናይትድ ልጆች ይህን ዝርዝር በጣም ወደዱት። 13ን በቀይ አሰመሩበት። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደሆነ አስታወስናቸው፤ ማስመሩን ግን አልተዉም።

ይህን ስንቆጥር ታዲያ ሁሌ አንድ ሰው ይነሳና “ሌስተርስ?” ይላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አወራራጆች 5000 ለ 1 የሰጡት ቡድን ዋንጫ በላ። ችግሩ ሌስተርን የሚጠራው ሁሉ ለራሱ ቡድን ምስክር አድርጎ መጥራቱ ነው። ለጠላት ቡድን ሌስተርን የጠራ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሚያዝያ 19፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ሊቨርፑል ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ አራት ጨዋታ እየቀረው ዋንጫውን አረጋገጠ። ማርክ የማረሚያ ጊዜ ደረሰ። የተጠቀምንበት ዘዴ ግሌን ብራየር የተባለ አሜሪካዊ የአየር ትንበያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው ነው። ዝናብ ይዘንባል ያለ ሰው ምን ያህል እንደሳተ ይለካበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። የሆነው ነገር 1፣ ያልሆነው 0 ይባላል። ግምትህን ከዚያ ትቀንስና ልዩነቱን በራሱ ታባዛለህ። ትንሽ ቁጥር ያገኘ ጎበዝ ነው።

የአርሰናሉ ልጅ ሜዳ ላይ በጠራው 95 ሲታረም 0.9025 አገኘ፤ በጥቅምቱ ባቄላ ሲታረም ግን 0.16። ያው ልጅ፣ ያው ቡድን። አንዲት የዩናይትድ ደጋፊ ለቡድኗ 1 በመቶ ሰጥታ ነበርና 0.0001 አገኘች። ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። እናም አትመጻደቅ፤ 14ኛ ላይ ያለ ቡድን ዋንጫ አይበላም ማለት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ያም ሆኖ ሜዳ ላይ ጓደኞቿ ፊት ያለችውም ያንኑ 1 ነው። ለዚህ ድፍረት ክበቡ ደብተር ሸልሟታል።

ትልቁ ክርክር የመጣው ከሊቨርፑሎቹ ነው። የቀድሞው አሠልጣኝ ክሎፕ ከሄደ በኋላ፣ አዲስ አሠልጣኝ መጥቶ፣ በክረምቱ ከኪዬዛ በቀር ለዘንድሮ የሚሰለፍ ተጫዋች ስላልተገዛ በጥቅምት ብዙዎቹ ፈርተው ነበር። አንዱ 30 ብሎ ነበር፤ ቡድኑ ዋንጫ ወሰደና 0.49 ተቀጣ። ጓደኛው ግን “መቶ!” ብሎ ሲፎክር የነበረ ነው፤ ዜሮ አገኘ፤ ፍጹም ውጤት። “ታዲያ መፎከር ይሻላል ማለት ነው?” አለ ባለ 30ው፤ ልቡ ተሰብሮ።

አይሻልም። የአንድ ዓመት አንድ ዋንጫ ማንንም አይመዝንም። ባለ መቶው ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት መቶ ሲል ይቆጠርለት፤ የሚያጣበት እያንዳንዱ ዓመት ሙሉ 1 ያስከፍለዋል። 30 ያለ ልጅ ከአሥሩ ሦስቴ ያህል ከሆነለት ልክ ነበር ማለት ነው። ይህን ለማሳየት ክበቡ ገና ብዙ ዓመት መመዝገብ አለበት። እኔ ጡረታ እስክወጣ ይደርሳል።

ስለ ውርርድ ቤቶቹም አንድ ረቡዕ ሰጥተናል። እነሱ የሚሰጡትን ቁጥር ወደ መቶኛ መቀየር ይቻላል፤ 1ን ለቁጥሩ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ለአንድ ጨዋታ ማሸነፍ 1.90፣ አቻ 3.40፣ መሸነፍ 4.00 ቢሰጥ፣ 52.6፣ 29.4 እና 25 ይሆናል። ድምሩ 107። እዚህም ከመቶ አለፈ! የእኛ ቲፎዞዎች ከመቶ ያለፉት በፍቅር ነው። ቤቱ ያለፈው አስቦበት ነው፤ ትርፉ እዚያች 7 ላይ ተቀምጣለች። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ይህን ስሌት ሚኒ ሚዲያ በማግስቱ በሰልፍ ሰዓት አስተላልፎልናል፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ከዚህ ሌላ ክበቡ የ9ኛ ክፍሎችን ማጠናከሪያ ሰጥቷል፣ በክፍሎች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅቷል፣ የፓይን ቀን በመጠኑ አክብሯል። የ12ኛ ክፍል አባላት ለብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ከፋሲካ በኋላ ተሰናብተውናል።

የሚቀጥለው ዓመት ርዕስ ተመርጧል፤ የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ ነው። ከእንግሊዙ ይልቅ ለመገመት ይከብዳል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ሁለቴ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ገና ባደገበት ዓመት ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ዘንድሮ ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ወስደውታል። ለሙከራ ያህል ሰኔ ላይ ጥቂት ልጆችን ጠይቀን ነበር። የጊዮርጊሶቹ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ብቸኛ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫውን በ2003 ዓ.ም. ያነሳውን የኢትዮጵያ ቡናን ደጋፊ ግን ከመቶ ስንት እንደሚሰጥ ደጋግሜ ብጠይቀውም ቁጥር አልነገረኝም። “ቲቸር፣ እኔ ቡና ነኝ” አለኝ። መዝገባችን ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ዓምድ ስላልነበረ መስከረም ላይ አዲስ ዓምድ እንጨምራለን።

ምዝገባ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት በላቦራቶሪው ይካሄዳል። ኳስ የማይወዱም ይመዝገቡ፤ በጣም እንፈልጋችኋለን። ባቄላ ከክበቡ ነው።