ሄርዙ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ የጀርባ ብርሃኑስ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን ሳያቋርጡ ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ሞኒተር በሚወጡ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማነበው አንድ ምክር አለ፤ እርሱም «ዓይንዎ እንዳይደክም ሪፍሬሽ ሬቱ ከፍ ያለ ሞኒተር ይግዙ» የሚል ነው። ሪፍሬሽ ሬት ማለት ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚነግረን፣ በሄርዝ የሚለካ ቁጥር ነው። ሻጮችም ይህንኑ ይላሉ፤ እኔም አምኜ ገዝቼ ነበር። ምክሩ ከመሠረቱ ውሸት ነው ለማለት አልተነሣሁም። ነገር ግን ለአንድ ዘመን መሣሪያ ትክክል የነበረ አባባል ሳይመረመር ወደ ሌላ ዘመን መሣሪያ ተሻግሮ፣ ዓይናችንን በእርግጥ የሚያደክመውን ነገር እንዳንጠይቅ ስላደረገን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ምክሩ የተወለደው ጀርባቸው እንደ ሣጥን ወደ ኋላ በሚረዝም የመስታወት ቱቦ ሞኒተሮች ዘመን ነው። በእነዚያ ሞኒተሮች ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየተመላለሰ በስክሪኑ የውስጥ ገጽ ላይ የተቀባውን፣ ፎስፈር የተባለ ጨረር ሲነካው የሚያበራ ንጥረ ነገር ያበራል፤ ፎስፈሩ ግን ጨረሩ ካለፈ በኋላ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ 60 ሄርዝ ማለት እያንዳንዱ የስክሪኑ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ በርቶ 60 ጊዜ ይደበዝዛል ማለት ነበር። በዚያ ዘመን የሠራን ሰዎች እናስታውሰዋለን፤ ስክሪኑን ትተን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት ዞር ስንል ነጩ ገጽ በዓይናችን ጥግ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀን ነበር። ቁጥሩን ወደ 75 ወይም ወደ 85 ከፍ ስናደርገው መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ማታ ወደ ቤት ስንሄድም ጭንቅላታችን ቀለል ይለናል። ለዚያ መሣሪያ ምክሩ እውነት ነበር።

ዓይን ተከታታይ ብልጭታዎችን እንደ አንድ የማይቋረጥ ብርሃን አድርጎ የሚቀበልበት ወሰን ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ሁኔታ አንድ ዓይነት አይደለም። በአብዛኛው ከ50 እስከ 90 ሄርዝ ባለው መካከል ይገኛል፤ ብርሃኑ በደመቀና የሚሸፍነው ቦታ በሰፋ መጠን ወሰኑ ከፍ ይላል፤ የዓይን ጠርዝም ብልጭታን በመለየት ከመሐሉ ይበልጣል። የሲኒማ ባለሙያዎች ይህን የተረዱት ኮምፒውተር ገና ሳይፈጠር ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል ብቻ ቢይዝም፣ በማሳያው መሣሪያ ላይ የሚሽከረከረው መዝጊያ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየከለለ ስለሚገልጠው፣ ለተመልካቹ የሚደርሰው 48 ወይም 72 ብልጭታ ነው። አዳራሹ ጨለማ፣ የሸራው ብርሃንም ለስለስ ያለ በመሆኑ ያ ይበቃል። ደማቅ ነጭ ሰነድ በክንድ ርቀት ሆኖ ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ግን አይበቃም።

ዛሬ በብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ሞኒተር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም የፈሳሽ ክሪስታል ፒክሰሎቹ፣ ራሳቸው ብርሃን አያመነጩም፤ ከኋላቸው የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋሉ ወይም ይከለክላሉ፤ አንድ ጊዜ የያዙትንም ሁኔታ የሚቀጥለው ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ እንደያዙ ይቆያሉ። በአንዱ ዕድሳትና በሚቀጥለው መካከል እንደ ድሮው የሚደበዝዝ ነገር የለም። ስለዚህ ሳይንቀሳቀስ በቆመ ገጽ ላይ፣ 60 ሄርዝ ላይ ያለችው «ሀ» እና 240 ሄርዝ ላይ ያለችው «ሀ» ለዓይን ልዩነት የላቸውም።

ልዩነቱ የሚመጣው ገጹ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ይህንንም በቅንነት መመስከር ይገባል። በ60 ሄርዝ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ በ120 ሄርዝ ደግሞ 8.3 ብቻ። ረጅም ሰነድ ስክሮል ስናደርግ ዓይናችን ፊደሉን እየተከተለ ሳይቋረጥ ይጓዛል፤ ምስሉ ግን አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቅና ዘሎ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል፤ በዚህ አለመጣጣም ፊደሉ ሬቲናችን ላይ፣ ማለትም በዓይናችን ጀርባ ብርሃን በሚቀበለው ክፍል ላይ፣ ብዥ ይላል። ጽሑፉ በሰከንድ 960 ፒክሰል ቢጓዝ፣ በ60 ሄርዝ የብዥታው ስፋት 16 ፒክሰል ይሆናል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ፊደል ወርድ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ120 ሄርዝ ወደ 8 ይወርዳል። ሰንጠረዥ ወይም የኮምፒውተር ኮድ ወደ ታችና ወደ ላይ ስክሮል ሲያደርግ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጨዋታ ለሚጫወት ሰውማ ምን ሊባል!

እኔ ግን የጽሑፍ አራሚ ነኝ። ሥራዬ አንድ ገጽ ላይ ተተክሎ መቆየት ነው፤ ስክሮል የማደርገው ገጹን ስጨርስ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከቅንድቤ በላይ የሚጀምር ራስ ምታት ሲመላለስብኝ የተመከርኩትን ሰምቼ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛሁ። ቀን ደህና ነበርኩ። ሲመሽ፣ ዓይኔን እንዳይወጋኝ ብዬ የስክሪኑን ድምቀት ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደርጋለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ከድሮው ብሶ ይመጣል። ለዓይኔ ብዬ ያደረግሁት ነገር ዓይኔን እየጐዳው መሆኑን ለመጠርጠር ሳምንታት ፈጅቶብኛል።

የገባኝ በአጋጣሚ ነው። እያሰብኩ እስክሪብቶ በጣቶቼ መካከል ሳወዛውዝ፣ ከነጩ ገጽ ፊት ለፊት አንዱ እስክሪብቶ ተበታትኖ፣ እንደ ማራገቢያ ዘንግ ጐን ለጐን የተደረደሩ ብዙ እስክሪብቶዎች ሆኖ ታየኝ። ድምቀቱን ወደ 100 በመቶ ስመልሰው ዘንጎቹ ጠፍተው አንድ ለስላሳ ጥላ ብቻ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሞኒተሮች ሲደበዝዙ ለመብራታቸው የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ አይቀንሱም፤ መብራቱን በፍጥነት ያበሩታል፣ ያጠፉታል። ባለሙያዎች ፒ ደብሊው ኤም ይሉታል። ድግግሞሹ በሰከንድ 240 ነው ብንል፣ አንዱ ዙር 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ድምቀቱ 20 በመቶ ላይ ሲሆን ከዚህ ውስጥ መብራቱ የሚበራው ለ0.8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው ጨለማ ነው። ይህ 240 ከሪፍሬሽ ሬቱ 240 ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። አንደኛው ምስሉ የሚታደስበት፣ ሁለተኛው የጀርባ ብርሃኑ የሚቆራረጥበት ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ የሚታተመው ደግሞ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

«በሰከንድ 240 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ነገር እንዴት ይታያል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አፍጥጠን ስናየው አይታይም። ሆኖም ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ ሳይቋረጥ አይንሸራተትም፤ በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ከቃል ወደ ቃል ይዘላል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ወቅት የሚቆራረጥ ብርሃን እንደ እስክሪብቶው ሁሉ በሬቲና ላይ የተበታተኑ ምስሎችን ይተዋል። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በቢሮ ውስጥ የተለመዱት የፍሎረሰንት አምፖሎች ብርሃናቸው በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ይህን ደግሞ ማንም በዓይኑ አያየውም። አምፖሎቹን በሰከንድ 32 ሺህ ጊዜ በሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሲለውጡት፣ ሠራተኞቹም የትኛው መብራት እንደበራ ሳይነገራቸው፣ የራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ አማካይ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው አይ ትሪፕል ኢ በ2015 ለኤልኢዲ መብራቶች ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረትም፣ ሙሉ በሙሉ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ጉዳቱ ዝቅተኛ ነው የሚባለው ድግግሞሹ ከ1,250 ሄርዝ ሲያልፍ፣ ምንም ተጽዕኖ አይታይበትም የሚባለው ደግሞ ከ3,000 ሄርዝ በላይ ሲሆን ነው። 240 ከሁለቱም በእጅጉ ያንሳል።

ሁሉም ሰው እንደ እኔ ይታመማል አልልም። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ ስሱ ናቸው፤ አጠገቤ የተቀመጠ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ስክሪን ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ምንም አልተሰማውም። የዓይን ድካም ሁሉ ከብልጭታ ይመጣል ማለትም ስሕተት ነው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው እጅግ ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፤ ይህን ምንም ዓይነት ሄርዝ አያድነውም። ኦሌድ የተባሉት፣ ፒክሰሎቻቸው ራሳቸው ብርሃን የሚያመነጩት ስክሪኖችም፣ በተለይ በስልኮች ላይ፣ ድምቀታቸው ሲቀንስ በዚሁ የማብራትና የማጥፋት ዘዴ የሚደበዝዙ ብዙዎች ናቸው፤ ማታ በጨለማ ስልክ ይዘው የሚያነቡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። አዲስ ሞኒተር ስትገመግሙ ሪፍሬሽ ሬቱን ከጻፋችሁ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ ድምቀቱ የሚቀነሰው ኤሌክትሪኩን በማሳነስ ነው ወይስ በማቆራረጥ? በማቆራረጥ ከሆነስ በሰከንድ ስንት ጊዜ? ብልጭታ የለውም የሚል ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ ቢኖር እንኳ፣ አምራቹ በምን መለኪያ እንዲህ እንዳለ ካልተገለጸ ብዙ አይነግረንም። ለሙከራው ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ድምቀቱን 20 በመቶ ላይ አድርጉ፣ የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት እስክሪብቶ አወዛውዙ። ገዢም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ሻጩ በግርምት ቢያየውም ምንም አይደለም።

እኔ አሁን የምሠራው ብርሃኑን ሳያቆራርጥ በሚደበዝዝ 60 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ነው። አዲሱን 144 ሄርዝ ሞኒተር ጨዋታ ለሚወድ ታናሽ ወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ እርሱ ድምቀቱን 100 በመቶ ላይ አድርጎ ስለሚጫወት እስከ ዛሬ አንድም ቀን ራሴን አመመኝ ብሎኝ አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጽሑፍ አራሚ