የቅዳሜው ሩጫ በብርዱም ውጭ ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣

ብርዱ ቢበረታም የቅዳሜው ሩጫ ወደ አዳራሽ አይዛወርም። ጠዋት 1፡00 ሰዓት በተለመደው የሜዳ መግቢያ እንገናኝ። 10 ደቂቃ ሰውነት እናሟሙቃለን፣ ከዚያ 40 ደቂቃ እንሮጣለን። መራመድ የሚሻላችሁ ለብቻ ቡድን አላችሁ።

በብርድ ብዙ ካሎሪ ይቃጠላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ ብዙ አትጠብቁ። ሰውነት ሙቀቱን 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ሲንቀጠቀጥ ኃይል ያወጣል፤ ቡናማ ስብ የሚባለው፣ ሙቀት የሚያመነጭ የስብ ዓይነትም እንዲሁ ኃይል ያቃጥላል። ስንሮጥ ግን ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል አብዛኛው ራሱ ሙቀት ስለሚሆን ሰውነት ሌላ ማሞቂያ እምብዛም አይፈልግም። ለውጥ የሚያመጣው የምንሮጠው ርቀትና ፍጥነት ነው። ካሎሪ ይጨምርልኛል ብሎ ስስ ለብሶ የሚመጣ ሰው ትርፉ መንዘፍዘፍ ነው።

ከውስጥ የምትለብሱት ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ላብ ይዞ ያበርዳል። ከላይ ሹራብና ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ደርቡ፣ ሲሞቃችሁ ታወልቃላችሁ። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ውሃ። የምትቀይሩት ደረቅ ካናቴራም ያዙ፣ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው!

አስም ያለባችሁ ኢንሄለራችሁን እንዳትረሱ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የመተንፈሻ ቱቦን ያጠባል። ብርድ የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ የልብ ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

እስከ ሐሙስ ማታ “እሮጣለሁ”፣ “እራመዳለሁ” ወይም “አልመጣም” ብላችሁ እዚሁ መልሱልኝ።