አባባ፣ የጠየቁኝን እነሆ

አባባ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ፣ አያስቡ።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን እዚያው መመለስ አቃተኝ። «ሶላት ትተሃል አሉኝ። ዲንህን ከተውክ የማን ወገን ልትሆን ነው?» ነበር ያሉኝ። ይሄ ለእኔ ሁለት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለየብቻ ነው።

የመጀመሪያው እውነት ነው። አልሰግድም። ሰው መክሮኝ አይደለም፣ ከማንም ተጣልቼም አይደለም። ልቤ ሳይኖርበት ከኋላዎ ተሰልፌ መቆም ከበደኝ። አላህ አለ ወይስ የለም ብለው ቢጠይቁኝ፣ አላውቅም ነው የምለው። ይሄ እንደሚያምዎት አውቃለሁ። ግን በዲን ማስገደድ የለም የሚለውን የቀራሁት ከእርስዎ አፍ ነው። እርስዎን ከመዋሸት እውነቱን ነግሬዎት ቢያዝኑብኝ ይሻለኛል።

የከነከነኝ ሁለተኛው ነው። ዲንና ወገን አንድ የሆኑት ከመቼ ወዲህ ነው?

ወደ ደሴ ስመጣ አንድ ኬላ ላይ መታወቂያ አውጡ ተባልን። ወጣት ልጅ ነው። የእኔን ተቀብሎ ስሜን አነበበ፣ የእርስዎን አነበበ፣ የአያቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከሁለት የእስላም ስም ቀጥሎ የክርስቲያን ስም። ገልብጦ ጀርባውን አየው። «አንተ ከየትኛው ነህ?» አለኝ። ወሎዬ ነኝ አልኩት። «እሱማ ገባኝ። ከየትኛው ነህ?» አለኝ ደግሞ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ስም ስንቱ ቤት አለ! ልጁ የፈለገው ግን እምነቴን አልነበረም። በእምነቴ በኩል ማንን እንደምደግፍ ሊያውቅ ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው፤ ታሪኩን የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። እስላም የነበሩት የወሎ መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዙ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ራስነቱንም አገኙ። እምቢ ያሉት እነ ሼህ ጦልሃ በረሃ ገቡ። አርባ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የእኒያው የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ሰልሟል ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ከአልጋው ወረደ። አባትየው የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ ዘመቱ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ስንት የወሎ ገበሬ እዚያ ቀረ! አባትየው ተጠመቁና ተሾሙ፣ ልጅየው ሰለመ ተባለና ተሻረ። ገበሬው የሞተው ለየትኛው እምነት ነው? ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አለማመንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በደርግ ጊዜ ካድሬው እግዜር የለም የሚለው መርምሮ ደርሶበት ሳይሆን ድርጅቱ ስላለው ነበር። እኔ እንደዚያ ያለ ከሃዲ አይደለሁም፣ አባባ። ጥርጣሬዬን የማንም ፓርቲ ባንዲራ አላደርገውም። ሃይማኖትን አጥፍተን አገር እንሥራ የሚል ቢመጣም አልከተለውም።

ወሎ ተቻችሎ ይኖራል እያሉ በየመድረኩ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ከዚያ ይበልጣል። ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ሲድሩ እርስዎ ቢላዎን ስለው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በማለዳ ይሄዱ ነበር። ለእስላሙ እንግዳ የሚሆነውን በሬ ቢስሚላህ ብለው የሚያርዱት እርስዎ ነዎት። ዳሱ ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ሳይቀር ለብቻ። የቤቱ እመቤት ጭልፋው እንዳይቀላቀል እየዞረች ስትጠብቅ አይቻለሁ። እሷ ክርስቲያን ናት፤ የምትጠብቀው ግን የእርስዎን ዲን ነው። ልዩነቱን ማንም አልደበቀውም፣ ማንም ግን የጠብ ወሬ አላደረገውም። እዚያ ዳስ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ሰውም ቢሆን ቦታ የሚያጣ አይመስለኝም።

ለአረፋ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ ይበሉልኝ። ውዳጃው ላይም፣ ተሰብስባችሁ ዱዓ በምታደርጉበት፣ እቀመጣለሁ። ለጎረቤቱ ጤና፣ ለአገሩ ሰላም ሲለምኑ አሚን እላለሁ፤ የምትመኙትን እኔም ከልቤ እመኘዋለሁና። ስገድ ብለው ግን አያስጨንቁኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ምርጫ ሲደርስ ዱዓ አድርጉልን እያሉ ደጅዎ የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። ዱዓ ያድርጉላቸው፣ ክፋት የለውም። እኛን ካልመረጠ ዲኑን ካደ ሲሉ ግን ዝም አይበሏቸው። በእርስዎ ምርቃት ሰው እንዲያስፈራሩ አይፍቀዱላቸው። ስለ እኔም ልጅህ የማን ወገን ነው ብለው ከጠየቁዎት፣ ልጄ ነው ይበሏቸው።

ልጅዎ