ሪፖርቱን ስጡን፦ ለክፍለ ከተማችን የሕንፃ ሹም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

ዛሬ ሌሊት በእኛ ሰዓት 8 ከ24 ላይ፣ በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ በካምቻትካ አቅራቢያ፣ መጠኑ 8.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። ጠዋት ከተነሳሁ ጀምሮ ዜናውን እየተከታተልኩ ነው። ሴቬሮ ኩሪልስክ የምትባለው የደሴት ከተማ ወደቧ በባሕር ማዕበል ተጥለቅልቋል፤ ነዋሪዎቿ ግን ቀድመው ወደ ኮረብታው ወጥተዋል። ጃፓን ውስጥ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከባሕር ዳር እንዲርቅ ተነግሮታል። ሃዋይ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኋል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ደግሞ ማዕበሉ ገና ውቅያኖሱን ሳያቋርጥ የቺሊ ሰው ወደ ከፍታ ቦታ እየወጣ ነው። እስካሁን በማዕበሉ ሞተ የተባለ ሰው አልሰማሁም።

ለእርስዎ የምጽፈው ስለ ብሎካችን ነው። ባለሙያዎች የብሎካችንን የተሰነጠቀ ምሰሶ አይተው ስለጻፉት ስለዚያ ሪፖርት። የትኛው ሪፖርት እንደሆነ ያውቃሉ። በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ያደረግናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ቅጂያቸው እጃችን ላይ ነው፤ ማኅተማችሁም አለበት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ግን ልንገር። ዘንድሮ ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት የስምጥ ሸለቆ ተራሮች አካባቢ መሬቱ ሲናጥ ነው የከረመው። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ብዙው የአዲስ አበባ ሰው ከእንቅልፉ ተነሳ። የካቲት 7 ማታ ደግሞ መጠኑ 6.0 ገደማ የሆነው መጣ። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ያሉ ወገኖቻችን ቤታቸው ፈርሶ፣ ቀያቸውን ለቀው ነው የከረሙት። የእኛ ጉዳት ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። እኛ ዘንድ የሆነው ይህ ነው፦ ብሎኩ ሲወዛወዝ ሁላችንም በዚያች ጠባብ ደረጃ ተጋፍተን ወረድን። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩትን እማማን የሰፈሩ ወጣቶች ተሸክመው አወረዷቸው። ሲነጋ ስናይ ከደረጃው ሥር ያለው ኮለን (ምሰሶ) በሰያፍ ተሰንጥቋል። ልስኑ ረግፎ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ይታያል።

አመለከትን። ደጅ ጠናን። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች መጡ። ኮለኑን በመዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ ለኩ፤ ፎቶ አነሱ፤ ጻፉ። ሥራቸውን በደንብ ነው የሠሩት፤ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቹ እዚህ ደረጃ ሥር ባይጫወቱ ጥሩ ነው» አለን። ለምን ብለን ጠየቅነው። «ሪፖርቱ ላይ ይገለጻል» ብሎ ሄደ።

ሪፖርቱ ተጽፏል። ቢሯችሁ ውስጥ እንዳለ የነገራችሁን ራሳችሁ ናችሁ። ለእኛ ግን አይሰጥም። መጀመሪያ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልን። ቀጥሎ «የበላይ አካል ይወስን» ተባልን። በመጨረሻ እርስዎን ከቢሮ ሲወጡ አግኝተን ስንጠይቅዎ «ይሄ ነገር ከወጣ ሕዝብ ይሸበራል» ብለውን መኪናዎ ውስጥ ገቡ።

ሕዝቡ እኮ እኛ ነን! እዚያ ኮለን ሥር በየቀኑ የምናልፈው እኛ ነን። ሽብሩማ ከየካቲት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ነው። ትልቅ መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ወደ በሩ ትሮጣለች። የተነገረን ነገር ስለሌለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መላ ምት ይዞ ይኖራል። አንዱ «ይወድቃል» ይላል፤ ሌላው «ልስን ነው እንጂ ምንም የለውም» ይላል። የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ በዚህ ጭቅጭቅ ተሞልቷል። አንድ ወረቀት ሁሉንም ይዘጋው ነበር።

ባለፈው ወር ሁለተኛ ፎቅ አዲስ ተከራዮች ገቡ። ጨቅላ ልጅ አላቸው። ስለ ኮለኑ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ብነግራቸው በምን ማስረጃ ነው? ዝም ብል ደግሞ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ከሕሊናዬ ጋር እንዴት ልኖር ነው? ይህን ሸክም እኔና ጎረቤቶቼ ላይ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። የሚያውቅ ባለሙያ አይቶ ጽፎታል። እውቀቱ አለ። ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

የዛሬውን ዜና ሳይ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ዛሬ ወደቧ የተጥለቀለቀው ሴቬሮ ኩሪልስክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1952 ከዚሁ አካባቢ በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል ጠፍታ ነበር። ከ2 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። የያኔው የሶቪየት መንግሥት ነገሩን አፈነው፤ ጋዜጦቹ ትንፍሽ አላሉም። ለዓመታት ወሬው በአፍ ብቻ ነበር የሚነገረው። ከተማዋ በኋላ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥታ ተሠራች፤ የማዕበል ማስጠንቀቂያም ተዘረጋ። ዛሬ ያቺው ከተማ ሕዝቧን አወጣች።

የእኛን ጎረቤት ደግሞ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱማትራ አጠገብ የተነሳው ማዕበል ሶማሊያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ሰባት ሰዓት! በዚያ መሃል ኢንዶኔዥያና ስሪላንካ ውስጥ ሰው ማለቁን ዓለም አይቶ ጨርሷል። ሐፉን ለምትባለው የሶማሊያ የባሕር ዳር ከተማ ዓሣ አጥማጆች ግን «ከባሕሩ ራቁ» ያላቸው አልነበረም። ሶማሊያ ውስጥ ወደ 300 ሰው ሞተ። ኬንያ ውስጥ ዜናውን የሰሙ ባለሥልጣናት ሰዉን ከባሕር ዳር አስወጡ፤ እዚያ የሞተው አንድ ሰው ነው። ማዕበሉ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰማ ሰው ለሌላው መናገሩ ወይም አለመናገሩ ነው።

ስለ መሸበርም ካነሱት አይቀር፣ ጃፓኖች በዚህ ጉዳይ ብዙ ደም ከፍለው ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በማዕበል ከ18 ሺህ በላይ ሰው ሲሞትና ሲጠፋ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎቻቸው ረጋ ባለ ድምፅ ነበር ማስጠንቀቂያ የሚያነቡት። ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ ጣቢያ አሠራሩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ ዓመት ዕለት ኖቶ በምትባለው የጃፓን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ዜና አንባቢዋ በቀጥታ ሥርጭት ጮኻ «አሁኑኑ ሽሹ!» ስትል ዓለም ሰምቷታል። ሰው ደንግጦ ቢተርፍ ይሻላል ብለው ወሰኑ።

እዚያው ጃፓን ከመንቀጥቀጥ በኋላ ባለሙያዎች ሕንፃዎቹን ይዞራሉ። አይተው ሲጨርሱ በር ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። አረንጓዴ ከሆነ ችግር አልታየበትም። ቢጫ ከሆነ ስትገቡ ተጠንቀቁ። ቀይ ከሆነ አትግቡ። መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። ይህ ሳተላይት አይፈልግም፤ የውጭ ምንዛሬም አይጠይቅም። ባለሙያዎቹ የእኛን ኮለን አይተው ሲወጡ አንድ ባለቀለም ወረቀት ቢለጥፉ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

መሬቱ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ እንዲነግሩን አንጠይቅም። ያንን ማንም አያውቅም። ግን ይህ አገር የስምጥ ሸለቆ አገር ነው። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴ ከተማ በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. በአፋር ያለችው ሰርዶ ወድማለች። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሁራኖቻችንም ባለፉት ወራት በየሚዲያው ሲያስረዱ ከርመዋል። ስለዚህ አላወቅንም የሚባል ነገር የለም።

ሕጉንም ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹም የሚባለውን ሥልጣን የፈጠረው ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ሕንፃ ሲኖር እርምጃ እንዲወስድ ጭምር ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይላል። መረጃ የማግኘትን ነጻነት የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም አለ። የምንተኛበትን ቤት ኮለን ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት የመንግሥት ምስጢር ነው የሚል ሕግ ካለ ቁጥሩን ይንገሩን።

ምናልባት የሚፈሩት ሌላ ነገር ይሆናል። ሪፖርቱ «አደገኛ ነው» የሚል ከሆነ ነዋሪውን የት እናድርሰው፣ ጥገናውን ማን ይክፈል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ ይገባኛል። ለጥገናው ከየቤቱ ለማዋጣት ተስማምተናል፤ ይህንንም በደብዳቤ ገልጸናል። ግን ምን እንደሚጠገን ሳናውቅ ማን ኮንትራክተር እንጥራ? አንድ ባለሙያ በግል ስንጠይቅ እንኳን «መጀመሪያ የመንግሥትን ሪፖርት አምጡ» ነው ያለን።

አሁን ክረምት ነው። ዝናቡ ከጣሪያው በደረጃው ግድግዳ እየወረደ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ፌሮው ዝጓል። የልጆቹን መጫወቻ በገመድ አጥረነዋል፤ ልጅ ግን ልጅ ነው፣ ገመዱን ሾልኮ ይገባል። ትናንት አመሻሽ ላይ እንኳን ሦስቱን ከዚያ አስወጥቻለሁ።

ሰኞ ሐምሌ 28 ጠዋት የነዋሪው ኮሚቴ ቢሯችሁ ይመጣል። የሪፖርቱን ቅጂ ማኅተም አድርጋችሁበት አዘጋጁልን። ኮለኑ ደህና ከሆነ ደህና ነው ብላችሁ ጻፉልን፤ እንተኛበት። ደህና ካልሆነ እስኪጠገን ድረስ የሚደግፈው ድጋፍ በዚያው ሳምንት ይቁምለት። አሁንም አንሰጥም የምትሉ ከሆነ እምቢታውን በጽሑፍ፣ በእርስዎ ስምና ፊርማ ስጡን።

የብሎኩ ነዋሪና የኮሚቴው ጸሐፊ