የተፈጥሮ ክበባችን የ2017 ዓመት፦ ከበሬሳ ዳር እስከ ጓሳ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ስለ ዳክዬ ሲያወራ ከረመ። የጀመርነው ጥቅምት 2 ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የፍልሰተኛ ወፎች ዓለም አቀፍ ቀንም ነበር፤ 20 ያህል ልጆች ይዤ በጠዋቱ ብርድ ወደ ደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ዳር ወረድን። ለሁላችን አንድ ባይኖኩላር ብቻ ነው ያለን። ምንቃሯ እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬ አየን፤ ከሰሜኑ ዓለም ብርድ ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ "ቲቸር፣ እኛ አገር ዳክዬ የሚበላ የለም። ታዲያ እነዚህን ማን ይጨርሳቸዋል?" አለችኝ።

ጥያቄዋን ይዘን ስናነብ እኛ ጋ ጨርሶ የማይመጡት፣ በሰሜኑ አገሮች ግን ሰው የሚያድናቸው የባሕር ዳክዬዎች ላይ ደረስን። ከነሱ አንዷ አይደር ትባላለች። እንቁላል መጣል የምትጀምረው 2 ወይም 3 ዓመት ሲሞላት ነው፤ በዓመት ከ4 እስከ 6 ትጥላለች፤ ከጫጩቶቹ ግን ብዙዎቹ አያድጉም። ዘሯ የሚቆየው እናቲቱ ረጅም ዕድሜ ስለምትኖር ነው። ስለዚህ ለመጣል በተቃረበችበት በጸደይ ወራት ከተገደለች ጉዳቱ ከባድ ነው። እናቱ ዶሮ የምታረባ አንድ ልጅ፣ "አውራው እያለ ጣይዋን እንደ ማረድ ነዋ!" አለ። ከኔ የተሻለ አስረዳ። ዴንማርክም ሴቷ አይደር እንዳትታደን ከልክላለች። ግሪንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ደንብ የጸደዩን አደን አሳጠረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት አይደሮች በግልጽ በዙ።

ይህን ነገር ልጆቹ በደንብ የገባቸው ግን ሚያዝያ ላይ መንዝ ጓሳ ስንሄድ ነው። አንድ አዛውንት ሕዝቡ ድሮ የጓሳን ሣር ይጠብቅበት ስለነበረው የቀሮ ሥርዓት አጫወቱን፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፣ ሲደርስ ይከፈት ነበር፣ ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣ ነበር። ያቺው የ10ኛ ክፍል ልጅ ዞር ብላ፣ "የግሪንላንዱ ሕግ እኮ ይሄው ነው" አለችኝ። በዚያን ቀን እንደ አስተማሪ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል።

ደንብ ብቻ ግን አይበቃም፤ ይህንንም በግልጽ ተነጋግረናል። ባልቲክ ባሕር ላይ የሚከርመው ጭራ ረጅሙ ዳክዬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይገመት ነበር፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዷል። እሱን የዓሣ መረብና ባሕር ላይ የሚፈስ ዘይትም ይገድሉታል። ደግሞም ወፍ ድንበር አያውቅም። አንዱ አገር ከልክሎ ቀጣዩ ከፈቀደ ምን ዋጋ አለው? የአፍሪካና የዩሬዥያ ፍልሰተኛ የውሃ ወፎች ስምምነት የተፈረመው ለዚህ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ገረማቸው፣ ከዚያ የወፎቹን የጉዞ መስመር በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ሣሉት።

ለ2018 ሁለተኛ ባይኖኩላር ያስፈልገናል። ቤቱ ያለሥራ የተቀመጠ ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል። ጥቅምት 1 ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት 12፡30 ላይ በሬሳ ዳር ነን።