ሁለተኛ ለወጣውም ገጽ ስጡት

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ስለ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያለፉ ዓመታት ባወጣችሁት ጽሑፍ የሠራዊቱን ቡድን የመቻልን የ2016 ዓ.ም. ውድድር በሁለት መስመር ማለፋችሁ ከንክኖኛል።

እኔ የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ ነኝ። የጣና ሞገዶቹ በ2015 ሁለተኛ ሲወጡ እንዴት እንዳንገበገበን አውቃለሁ። የሠራዊቱ ቡድን መንገድ ግን ከእኛም ይከብዳል። በ2011 ከሊጉ ወረደ፤ በ2014 ተመለሰ። መከላከያ መባሉ ቀርቶ መቻል የሚለውን የድሮ ስሙን መልሶ ያዘ። በ2016 እስከ መጨረሻው ቀን ተናንቆ ዋንጫውን ገና ከከፍተኛ ሊግ ያደገው ንግድ ባንክ ወሰደበት።

ያን ቀን ቀበሌ 14 ካፌ ተቀምጠን፣ ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ስልካቸው ላይ እንዳፈጠጡ ማኪያቷቸው ቀዘቀዘ። ውጤቱ ሲታወቅ «ልጆቹ ግን ተጫውተዋል» አሉና ሂሳብ ከፍለው ወጡ። እኔም በሐሳባቸው እስማማለሁ።

ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄዱ ስታዲየም ገብተን የማየት ዕድላችን ጠባብ ነው። ስለዚህ እባካችሁ የዚያን ዓመት ተጫዋቾች አነጋግሩልን። ወርዶ የተመለሰ ቡድን እንዴት እንደገና እንደተሠራ፣ በተለይ ከታዳጊዎቹ ማን እንዳደገ ጻፉልን።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር