እማዬ፣ እባክሽ ከዚያ ክፍል ውጪ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። አቡሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ አሁን የሚስቀው አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው። ሚጣ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የመድኃኒት ማሸጊያ እንኳ አይቀራትም። ባለፈው ከአንቺ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ "አያቴ እያወራች ለምን ታቋርጣለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳሉ ነው የሚያቋርጥሽ። ልጅ እንኳ አስተዋለችው።

ጉንፋን ነው አልሽኝ። ያለፈውም ጉንፋን ነበር። ከዚያ በፊት ብርድ ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እርጅና። እማዬ፣ እኛ ጋ በሰነበትሽ ጊዜ ሳሉ የት ሄዶ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ደህና ተኝተሽ ታድሪ ነበር። ቤትሽ ተመልሰሽ ብዙም ሳትቆዪ ደረትሽ እንደገና ሲር ሲር ማለት ጀመረ። እርጅና ቢሆን እኛም ቤት ተከትሎሽ ይመጣ ነበር።

የመጣሁ ጊዜ አንቺ ወጣ ስትዪ በምትተኚበት ክፍል ያለውን የአባዬን ቁምሳጥን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ጀርባውን አየሁት። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ፣ በቁምሳጥኑ ወርድ ሁሉ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኗል። ጠጋ ብዬ ሳየው ፀጉር ያወጣ ይመስላል። የቁምሳጥኑ የጀርባ ጣውላ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ገባ አለ። በሩን ስከፍተው የአባዬ ኮት ትከሻ ላይ አመድ የመሰለ ነገር አለ። ሽታውን አንቺ ለምደሽዋል። ከውጭ የሚገባን ሰው ግን ገና በሩ ላይ ነው የሚቀበለው።

ሻጋታ ነው፣ እማዬ። ቆሻሻ ነው ትዪኝ ይሆናል። በጨርቅ ትንሽ በረኪና ነካ አደረግሁበት፤ ብዙ ሳይቆይ ፈዘዘ። ቆሻሻ እንዲያ አይሆንም። በመስኮቱ ሥር ያለው ነጭ ዱቄት ግን ሌላ ነው። እሱ እርጥበት ከግድግዳው ውስጥ ይዞት የወጣ ጨው ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሻጋታ ባይሆንም ግድግዳው ውሃ እየጠጣ መሆኑን ያሳብቃል።

ጎረቤትሽ "የሚጎዳው ጥቁሩ ብቻ ነው" ብላሻለች። ቀለሙን አይቶ ይኼ ይጎዳል፣ ያ አይጎዳም ማለት አይቻልም። ዓይነቱን ለማወቅም ምርመራ ማሠራት አያስፈልገንም፤ የትኛውም ቢሆን መወገድ አለበት። ሻጋታ በዓይን የማይታይ ብናኝ አየር ላይ ይለቃል፤ አንቺ ሌሊቱን ሙሉ የምትስቢው እሱን ነው። አንዳንዱን ሰው ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አፍንጫውን ይደፍነዋል፣ በዚያው ያልፋል። አስም ያለበትን ግን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጽፏል። ሳነበው አንቺን ነው ያየሁት።

ያየችሽ ሐኪም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለዚህ ነው "ቤት ውስጥ እርጥበት አለ ወይ?" ብላ የጠየቀችሽ። አንቺ ግን "የለም" አልሻት። ታናሼ ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበር። በዚያ ክፍል እኔ በምተኛበት ጊዜ ሌሊት ሌሊት ሳል ያጣድፈኝ ነበር። እንግዶች መጥተው "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" ሲሉ "ግድግዳችን ስለሚያለቅስ ነው" አልኳቸው። በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥሽኝ። ሰዎቹ ሲወጡ "የቤቴን ገመና አደባባይ አወጣሽው" አልሽኝ። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ቀለም ተቀባ። አምሮ ነበር። እኔ ግን እንዳትሰሚኝ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ መሳል ለመድኩ። ይህን እስከ ዛሬ ነግሬሽ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ያልገባኝ፣ አሁንም እናት ሆኜ ያልገባኝ፣ ከሳሌ ይልቅ የእንግዶቹ ዓይን እንዴት እንደከበደሽ ነው። ቀለሙም አልቆየም፤ እርጥበቱ ከሥሩ እስካለ ድረስ ሻጋታው መልሶ ይወጣል፣ ቀለሙም ይላጣል።

እጅ አጥሮሽ እንደነበር አውቃለሁ። ብቻሽን ምን ምን እንደተሸከምሽም አውቃለሁ፤ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን ግን የምታፍሪበት እንግዳ የለም። እኔና ታናሼ ብቻ ነን።

አባዬም መጨረሻ ላይ የተኛው እዚያው ክፍል ነው። ሐኪሞቹ ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ግን በሌሊት ስልክ ሲጠራ ልቤ ለምን እንደሚመታ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የግፊት መድኃኒትሽ እንዳያልቅ እይው። ደግሞ እባክሽ ራስሽ ላጽዳው ብለሽ እንዳትነሺ። በደረቁ ከፈገፈግሽው ብናኙ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። በረኪና አፈሳለሁ እንዳትዪ፤ የሞተውም ሻጋታ ያሳልሻል። በተለይ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቂ፣ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ከ1 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቢሆን ጓንትና ብናኝ የሚያጣራውን ኤን-95 የሚባለውን ማስክ አድርጌ በሳሙናና በውሃ እኔው አጸዳው ነበር። ይኼ ግን አልፏል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አነጋግሬያለሁ። ከሁሉ በፊት ከግድግዳው ጀርባ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ይጠገናል። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል፤ ውሃው ሳይቆም የምናደርገው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ፍራሹ ይጣላል፤ ውስጡ የገባ ሻጋታ አይወጣም። ኮቶቹ ግን ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። አንቺ ሳታዪ አንድም አይጣልም። ቁምሳጥኑንም ጀርባውን አስቀይረን ከግድግዳው ራቅ አድርገን እናቆመዋለን። ቤትሽን ልቀቂ አላልኩሽም። እኛ ጋ ብትመጪ ደስታዬ ነው፣ ግን እሱን አሁን አንነጋገርም።

ቅዳሜ ከታናሼ ጋር እንመጣለን። እስከዚያ ሳሎን ተኚ፣ የዚያን ክፍል በር ዝጊው። ማታ እደውላለሁ። የት እንደተኛሽ እውነቱን ንገሪኝ።

ልጅሽ